አንድ ሳክስፎኒስት፣ ሁለት ወንበር፦ የመሪነትና የአጃቢነት ድርሰቶችን እንዴት እናወዳድር?

ጅማ ላይ ሠርግ ሲደምቅ ስሙ የሚጠራው ዘፋኙ ነው። ከኋላ ሆኖ ሳክስፎን የሚነፋውን ልጅ ማንም አያስታውሰውም፤ ዜማውን የሠራው እሱ ቢሆን እንኳ። ይህ ልማድ ጃዝ ስናዳምጥም ይከተለናል። ሽፋኑ ላይ የትራምፔት ነፊው የማይልስ ዴቪስ ስም አለ? እንግዲያው ሙዚቃው የማይልስ ዴቪስ ነው ብለን እናልፋለን።

እስቲ በ1967 የተቀረጸውን «ነፈርቲቲ» የተባለ አልበም እንውሰድ። ስድስት ሥራዎች አሉበት። ሦስቱ የሳክስፎኒስቱ የዌይን ሾርተር ድርሰቶች ናቸው። ሁለቱ የፒያኒስቱ የሄርቢ ሃንኮክ፣ አንዱ ደግሞ የድራመሩ የቶኒ ዊሊያምስ ነው። ማይልስ ራሱ የደረሰው አንድም የለበትም። አልበሙ ግን በእሱ ስም ነው የሚታወቀው።

አንድ ሳክስፎኒስት ለራሱ ባንድ የጻፈውንና ለሌላ ሰው ባንድ የጻፈውን ጎን ለጎን አድርጎ መስማት ትልቅ ትምህርት ነው። ሙዚቃ ለምትማሩ፣ ባንድ ውስጥ ለምትጫወቱ፣ ወይም እንዲሁ ጃዝ ለምትወዱ የሚሆን አካሄድ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የምንሠራበት ሰው ዌይን ሾርተር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ሾርተር?

ሁለቱንም ወንበር በአንድ ጊዜ ስለያዘ ነው። በ1933 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኒውዋርክ ከተማ ተወለደ፤ በ2023 አረፈ። ከ1959 እስከ 1964 በድራመሩ በአርት ብሌኪ ባንድ፣ በጃዝ ሜሴንጀርስ ውስጥ ተጫወተ። ከ1964 መጨረሻ አንስቶ እስከ 1970 መጀመሪያ ድረስ ደግሞ በማይልስ ዴቪስ ባንድ ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ብሉ ኖት ለተባለው ኩባንያ በራሱ ስም አልበም እየደጋገመ ቀርጿል። ዛሬ የማይልስ አጃቢ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የራሱ ባንድ መሪ። እንዲህ ያለ ሰው ለማወዳደር ይመቻል፤ ዕድሜውም፣ እጁም፣ ጆሮውም ያው ነውና።

በ1970 ከፒያኒስቱ ከጆ ዛቪኑል ጋር ሆኖ ዌዘር ሪፖርት የተባለውን ባንድ መሥርቷል። ያንን ዘመን ለጊዜው ተዉት። እዚያ መሪነቱን ስለተጋሩት ለዚህ ሥራ አይመችም።

መጀመሪያ ደብተር አውጡ

የሶፍት ኮፒ ሠንጠረዥም ይሆናል፤ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። አምስት ዓምድ አስምሩ፦ የሥራው ስም፣ የተቀረጸበት ቀን፣ የባንዱ መሪ፣ የዜማው ደራሲ፣ ድራመሩ። ድራመሩ ለምን ለብቻው ዓምድ እንደተሰጠው ወደ በኋላ ይገባችኋል።

«የተቀረጸበት ቀን» የሚለው ላይ ጠንቀቅ በሉ። አልበሙ የወጣበት ዓመት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሾርተር «ዘ ሱዝሴየር»ን በ1965 ቀረጸ፤ ለገበያ የበቃው ግን በ1979 ነው። በዚያው በ1965 የቀረጸው «ኢት ሴተራ» እስከ 1980 መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ማይልስ በ1967 ያስቀረጻቸው የሾርተር ሥራዎች ደግሞ «ወተር ቤቢስ» በሚባል አልበም የወጡት በ1976 ነው። የወጣበትን ዓመት ይዛችሁ ከሄዳችሁ የ1967ቱን ሰው የ1976 ሰው ታደርጉታላችሁ። ስለ እድገቱ የምትሉት ነገር ሁሉ ይገለበጣል።

ቀጥሎ ደራሲውን አጣሩ። በመሪነት የወጣ አልበም ውስጥ ያለው ሁሉ የመሪው ድርሰት አይደለም። በ1966 የተቀረጸው «አዳምስ አፕል» የሾርተር አልበም ነው፤ ውስጡ ያለው «502 ብሉዝ» ግን የፒያኒስቱ የጂሚ ሮውልስ ነው። በ1969 የቀረጸው «ሱፐር ኖቫ» ውስጥም «ዲንዲ» አለ። እሱ የብራዚላዊው የዦቢም ዜማ ነው። እነዚህን ሰርዙ። የምናወዳድረው አጨዋወት ሳይሆን ድርሰት ስለሆነ ነው።

ጥንድ ፈልጉ

አርባ ሥራ በዚህ፣ አርባ ሥራ በዚያ ደርድሮ «እንዲህ ይመስለኛል» ማለት የትም አያደርስም። ጥቂት ጥንዶችን መርጦ እነሱ ላይ መቆየት ይሻላል።

ከሁሉ የሚሻለው ጥንድ አንዱ ዜማ በሁለቱም ወንበር የተቀረጸበት ነው። ሾርተር ላይ ይህ ዕድል አለ። «ፉትፕሪንትስ» በራሱም በማይልስም ባንድ በ1966 ተቀርጿል። «ወተር ቤቢስ»፣ «ካፕሪኮርን» እና «ስዊት ፒ» ደግሞ በ1967 በማይልስ፣ በ1969 በራሱ ባንድ ተቀርጸዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ዜማው የተለያየ ሆኖ ሰዓቱና ተጫዋቾቹ የተቀራረቡበት ነው። ሾርተር «ስፒክ ኖ ኢቭል»ን በራሱ ስም የቀረጸው ዲሴምበር 24 ቀን 1964 ነው። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1965፣ ከማይልስ ጋር «ኢ.ኤስ.ፒ.»ን ለመቅረጽ ስቱዲዮ ገባ። በሁለቱም ላይ ፒያኖው የሄርቢ ሃንኮክ፣ ቤዙ የሮን ካርተር ነው። የተለወጡት ትራምፔቱ፣ ድራሙና መሪው ብቻ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል?

ለማዳመጥ መዘጋጀት

ሸክላ አያስፈልጋችሁም። ስልክ ይበቃል፤ ግን በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ አይሆንም። ደብል ቤዙ ጨርሶ አይሰማም፤ ይህ ሥራ ደግሞ ግማሹ ቤዙ ላይ ነው። ተራ የጆሮ ማዳመጫም ቢሆን ያስፈልጋል። ሥራዎቹን በሌሊት ፓኬጅ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ መሃል ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሐሳብም አብሮ ይቆረጣል።

ሌላው የጅማ ጉዳይ ዝናብ ነው። ክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መጮህ ከጀመረ የድራሙን ሲምባል ከዝናቡ መለየት አይቻልም። ጠዋት በማለዳ፣ ባጃጁም ዝናቡም ሳይጀምር አዳምጡ።

አንዱን ሥራ በአንድ ቁጭታ ሦስት ጊዜ ስሙ። በመጀመሪያው ዜማውን ብቻ ተከተሉ፤ ሳክስፎኑን አቋርጣችሁ በአፋችሁ ማንጎራጎር እስክትችሉ። በሁለተኛው ሳክስፎኑን እርሱትና ቤዙን ያዙ። በሦስተኛው ድራሙን። ደቂቃና ሰከንድ እየጻፋችሁ። «3፡10 ላይ ድራሙ ተለወጠ» የሚል ማስታወሻ «ደስ የሚል ድራም» ከሚል አሥር ማስታወሻ ይበልጣል።

«ፉትፕሪንትስ»ን በቅርብ እንየው

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ የተቀረጸው ለሾርተር «አዳምስ አፕል» አልበም፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ነው። መሪው ሾርተር፣ ፒያኖ ሃንኮክ፣ ቤዝ ሬጂ ዎርክማን፣ ድራም ጆ ቻምበርስ። አራት ሰው ነው፤ ትራምፔት የለም። ሁለተኛው ቅጂ የተቀረጸው በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ፣ ለማይልስ «ማይልስ ስማይልስ» አልበም ነው። አምስት ሰው፦ ማይልስ፣ ሾርተር፣ ሃንኮክ፣ ሮን ካርተርና ቶኒ ዊሊያምስ። በመካከሉ ያለው ስምንት ወር ብቻ ነው። ሾርተርና ሃንኮክ በሁለቱም ላይ አሉ።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንረዳ። ሥራው ባለ 12 ባር ብሉዝ ነው፤ በሲ ማይነር። ባር ማለት የተወሰነ ምት የሚይዝ አንድ የዜማ ክፍል ነው። ብሉዝ ሦስት አረፍተ ነገር አለው በሉ፤ እያንዳንዱ አራት ባር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ባር ስድስት ምት ይይዛል። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማታል። ዜማው በላይዋ ይራመዳል። የመጨረሻው አራት ባር ላይ ሲደርስ ከተለመደው ብሉዝ ወጣ ብሎ እንግዳ ኮርዶችን ተከታትሎ ያወርድና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያቺ መውረጃ የሾርተር ፊርማ ናት። ኮርድ ባታውቁም ትሰማላችሁ፤ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ የሸሸ ይመስላል።

አሁን አጨብጭቡ። በሾርተር ቅጂ ላይ ከቤዙ ጋር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ብላችሁ ቁጠሩ። ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጆ ቻምበርስ ያን ስድስት በጨዋነት ይዞታል። ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚሆነው ሥራ ከተጀመረበት መንገድ አይወጣም። ዜማው ጠርቶ ይሰማል። ሾርተር ብቻውን ስለሚነፋው እያንዳንዱ ኖታ የት እንዳረፈ ይታወቃል።

ወደ ማይልስ ቅጂ ሂዱና በዚያው ስድስት ጀምሩ። ትንሽ ቆይቶ እጃችሁ ይጠፋባችኋል። ስድስቱ ያው አለ፤ ሮን ካርተር ሐረጉን አልተወውም። ቶኒ ዊሊያምስ ግን ያንኑ ባር በአራት ትልልቅ ምት መክፈል ይጀምራል። እንዲህ ነው፦ ባሩ ውስጥ 12 ትንንሽ ምቶች አሉ። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትቆጥሯቸው ስድስት ይሆናሉ። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትቆጥሯቸው አራት። ቶኒ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ደግሞ አንዳንዴ ሦስት ሦስቱን ትቶ ቀጥ ወዳለ ባለአራት ስዊንግ፣ ወደ ተለመደው የጃዝ አመታት፣ ይገባል። የሥራው ርዝመት 10 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወለሉ ይንቀሳቀሳል።

በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን። ሦስትና ሁለትን አብሮ መስማት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አዲስ አይደለም። አንድ ጊዜ ይህን ቅጂ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ከሚጫወት ጓደኛዬ ጋር ስናዳምጥ ድራሙ ሲዞር ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ከኛ ችክችካ ሩቅ አይደለም!» አለኝ። ችክችካ ማለቱ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ የመጡበት መንገድ ይለያያል። ግን ሦስት ሦስት እየተከፈለ የሚሄደውን ምት በትከሻው ስለሚያውቀው ወዲያው ያዘው። ብዙ የውጭ አገር አድማጭ እዚህ ጋ ለመድረስ ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል።

አሁን ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። በአንድ በኩል በሁለቱም ቅጂ ላይ ያልተለወጠውን ጻፉ፦ 12 ባሩ፣ የቤዙ ሐረግ ሐሳብ፣ ዜማው፣ የመጨረሻዋ መውረጃ። ይህ ድርሰቱ ነው። በሌላ በኩል የተለወጠውን ጻፉ፦ ፍጥነቱ፣ የትራምፔቱ መጨመር፣ የድራሙ ነፃነት፣ ርዝመቱ። ይህ ባንዱ ነው። ይህን ሳትለዩ «ሾርተር ለማይልስ ሲጽፍ ውስብስብ አድርጎ ነው የሚጽፈው» ካላችሁ ተሳስታችኋል። የጻፈው ያንኑ ነው። ያወሳሰበው ቶኒ ነው። የድራመር ዓምድ ያስፈለገንም ለዚህ ነው።

ሃንኮክም ቢሆን ሾርተር የሚያመጣቸው ሥራዎች ማይልስ ከማይነካካቸው ጥቂቶች መካከል እንደነበሩ ተናግሯል። ይህን ይዘን ስንሰማው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ወረቀቱ ይከበራል፤ በወረቀቱ ላይ የሚደረገው ግን ልቅ ነው።

የልዩነቱ ሌላ ምክንያት አሠራሩ ነው። ብሉ ኖት ከቀረጻ በፊት ለልምምድ ሳይቀር በመክፈል የሚታወቅ ኩባንያ ነበር። ሙዚቀኞቹ ሥራውን አጥንተው ነው ማይክሮፎን ፊት የሚቆሙት። ማይልስ ደግሞ ገና ትኩስ የሆነውን፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ነበር የሚወደው። አንዱ ቅጂ ተጣርቶ የቀረበ፣ ሌላው እዚያው እየተፈለገ ያለ የሚመስለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሁለት ዝግ ያሉ ዜማዎች

ለሁለተኛው ጥንድ «ኢንፋንት አይስ»ን ከ«ስፒክ ኖ ኢቭል»፣ «አይሪስ»ን ከ«ኢ.ኤስ.ፒ.» ውሰዱ። ሁለቱም ዝግ ያሉ ናቸው፤ ሁለቱም የሾርተር ናቸው።

«ኢንፋንት አይስ» ለሴት ልጁ የተጻፈ ነው። ትራምፔቱ ዝም ይላል፤ ሾርተር ከፒያኖ፣ ከቤዝና ከድራም ጋር ብቻውን ይቀራል። ቁጠሩት። አብዛኛው እንዲህ ያለ ዜማ ስምንት ስምንት ባር ነው። ይህ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፤ በድምሩ 27። ስምንተኛው ላይ ያልቃል ብላችሁ ስትጠብቁ አንድ ትንፋሽ ይጨምራል። እኔ ከሾርተር ሥራዎች ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። በአንዲት ተጨማሪ ባር እንዲህ ያለ ስስት ማስማት ለማንም የተሰጠ አይደለም።

«አይሪስ» 16 ባር ነው፤ በሦስት ምት የሚሄድ። ሁለት ሰው ይጋራዋል፤ ትራምፔትና ሳክስፎን። የእናንተ ሥራ ዜማው መጀመሪያ በማን እጅ እንደገባ፣ ለማን እንደተላለፈ፣ ሁለተኛው ሲቀበለው ምን እንዳጠፈበት በሰከንድ መጻፍ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ የሚሄድ ዜማና ሁለት ሰው የሚቀባበለው ዜማ ሲጻፍም ይለያያል። ሾርተር ለማን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር።

የደረስንበትን የሚያፈርስ ጥንድ

እስካሁን ባለው ብቻ «መሪ ሲሆን የተስተካከለ፣ አጃቢ ሲሆን የተለቀቀ» ብሎ መደምደም ያጓጓል። አትቸኩሉ። «ወተር ቤቢስ»ን ስሙ።

በ1967 ከማይልስ ጋር ሲቀረጽ በሦስት ምት የሚሄድ የተረጋጋ ሥራ ነው። ሾርተር ቴኖር ሳክስፎን ይነፋል። ፒያኖው አለ። ሁሉም በልኩ ነው። በ1969 ሾርተር ለራሱ «ሱፐር ኖቫ» ሲቀርጸው ግን ሌላ ዓለም ነው። ሶፕራኖ ሳክስፎን ይዟል። ፒያኖ የለም። ጆን ማክላፍሊንና ሶኒ ሻሮክ ጊታር ይዘዋል። ሚሮስላቭ ቪቱስ ቤዝ፣ ጃክ ዲጆኔት ድራም፣ አይርቶ ሞሬራ ደግሞ የብራዚል የምት መሣሪያዎችን ይጫወታል። በፒያኒስትነቱ የምናውቀው ቺክ ኮሪያ እንኳ እዚህ ድራምና ቫይብራፎን ላይ ነው። ዜማው አለ፤ ግን በጭስ መካከል ነው የሚታየው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የተለቀቀው መሪው ነው፤ የተስተካከለው አጃቢው። ከላይ ያልነው ተገለበጠ። ምን ማለት ነው? ወንበሩ ብቻውን አይወስንም ማለት ነው። በ1967 እና በ1969 መካከል ጃዝ ራሱ ተለውጧል። ኤሌክትሪክ ገብቷል። የ«ሱፐር ኖቫ» ቀረጻ ደግሞ የተካሄደው ማይልስ «ቢችስ ብሩ»ን በቀረጸበት በዚያው የአሜሪካ በጋ ነው፤ ሾርተርም እዚያ ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ጥንድ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ድራመሩን፣ ከዚያ በኋላ ወንበሩን ጠይቁ። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

አጃቢ የጻፈው ባንዱን ሲገለብጥ

የአልበሙን ስም የያዘው «ነፈርቲቲ» የተባለው የሾርተር ሥራ ጥንድ የለውም፤ ግን ሳይሰማ አይታለፍም። የተለመደው የጃዝ አካሄድ ይታወቃል፦ ዜማው ይነፋል፣ ተራ በተራ ሶሎ ይወጣል፣ ዜማው ተመልሶ ያሳርጋል። እዚህ ግን ሶሎ የለም። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ያንኑ 16 ባር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደጋግሙታል። የሚለዋወጠው ከሥር ያለው ነው። ቶኒ ዊሊያምስ እያንዳንዱን ዙር ከፊተኛው አርቆ ይወስደዋል፤ ከግማሹ በኋላ ድራሙ ወደ ፊት መጥቶ ባለቤት ይሆናል።

በጅማ መንዙማ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተቀባዩ አዝማቹን ሳይለውጥ ደጋግሞ ይመልሳል፤ ድቤው ግን እያደር ይሞቃል፤ አዝማቹም ያው ሆኖ ሳለ ሌላ ይሆናል። ሾርተር የጻፈው ለመደጋገም የሚችል ዜማ ነው። ቢደጋገም የማይሰለች ዜማ መጻፍ ከባድ ነው። ይህን ያደረገው አጃቢ ሆኖ ነው። በዚህ ሥራ ላይ አጃቢ ማለት ከኋላ የቆመ ሰው ነው የሚል ካለ አልበሙን ደግሞ ይስማው።

ዙሮቹን ቁጠሩና ድራሙ ከማጀብ ወደ መምራት የተሻገረበትን ሰከንድ ጻፉ። ከጓደኛ ጋር ብትሠሩት ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ሰከንድ ላይ አይስማማም፣ ክርክሩ ራሱ ብዙ ያሰማል።

የብሌኪ ዘመን

አጃቢነት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጃዝ ሜሴንጀርስ ውስጥ ሾርተር የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር። ከ1961 ጀምሮ ፊት ላይ ሦስት ነፊ ነበራቸው፦ ትራምፔት ፍሬዲ ሃባርድ፣ ትሮምቦን ከርቲስ ፉለር፣ ሳክስፎን ሾርተር። ስለዚህ የሚጻፈው ለሦስት ድምፅ ነው። መሪው ደግሞ ከበሮ መቺ ነው። ዜማው ለድራሙ ቦታ መተው አለበት።

በፌብሩዋሪ 1964 የተቀረጸውን «ፍሪ ፎር ኦል» ስሙ። ከዚያ በዚያው ዓመት በኤፕሪል በራሱ ስም የቀረጸውን «ናይት ድሪመር» ስሙ። ቤዙ በሁለቱም ሬጂ ዎርክማን ነው። በመጀመሪያው ብሌኪ ከኋላ እየገፋ ሁሉንም ያስጮኻል። በሁለተኛው ኤልቪን ጆንስ በሦስት ምት ያወዛውዛል፤ ሾርተርም አየር ያገኛል። የዜማዎቹን ርዝመት ሳይሆን የዝምታዎቹን ርዝመት አወዳድሩ። በብሌኪ ባንድ ዝምታው በድራም ይሞላል፤ ሾርተርም እንዲሞላ አስቦ ነው የጻፈው።

ያገኛችሁትን ስትጽፉ

ለትምህርት ቤትም ይሁን ለራሳችሁ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ከደብተራችሁ ሰከንድ ወይም ቀን ይዞ ይምጣ። «የበለጠ ስሜት አለው»፣ «የበሰለ ነው» የሚሉትን አውጡ። በምትካቸው ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ባር፣ የትኛው ቅጂ የሚለውን አስገቡ። ከዚያ ፍርዳችሁን በድፍረት ስጡ። የትኛውን ቅጂ እንደምትወዱ ጻፉ። እኔ «ፉትፕሪንትስ»ን ከማይልስ፣ «ወተር ቤቢስ»ንም ከማይልስ እመርጣለሁ፤ ድርሰቱን ለመማር ግን የሾርተርን «አዳምስ አፕል» ነው የማስቀድመው፤ ዜማው እዚያ ላይ ራቁቱን ይታያል።

ወደ አገር ቤት ስትመልሱት

ይህን አካሄድ ለኛ ሰዎችም መሞከር ይቻላል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ዋና መሣሪያው ቫይብራፎን ስለሆነ ለሳክስፎን ጥያቄያችን አይሆንም፤ ግን በራሱ ስም ያወጣውንና ለድምፃውያን ያቀናበረውን ጎን ለጎን መስማት ተመሳሳይ ሥራ ነው።

ሳክስፎን ካልን ጌታቸው መኩሪያ አለ። በ1935 ተወልዶ በ2016 ያረፈ፣ ሽለላን በሳክስፎን የነፋ ሰው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። በ2006 ደግሞ ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አውጥቷል።

እዚህ ላይ ግን አንዱን ዓምድ መቀየር አለባችሁ። «የዜማው ደራሲ» የሚለው ለሽለላ አይሠራም። ሽለላ የሕዝብ ነው፤ ጌታቸው የደረሰው ዜማውን ሳይሆን አነፋፉን ነው። ስለዚህ ያ ዓምድ «ከቃል ሽለላ ምን ወሰደ፣ ምን ጨመረ?» ይሁን። አንድ በድምፅ የተሸለለ ሽለላ ፈልጉ። ጅማና አካባቢዋ በአፋን ኦሮሞ ጌረርሳ የሚያወርዱ አዛውንቶች ካሉ ደግሞ ፈቃድ ጠይቃችሁ እነሱንም ስሙ፤ የጀግና ዜማ ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ ከእነሱ በተሻለ የሚያሳይ የለም። ከዚያ ጌታቸው ብቻውን ፊት ሆኖ የነፋውን አንድ፣ ከድምፃዊ ኋላ ሆኖ የነፋበትን አንድ ምረጡ። ሦስቱን በአንድ ጠዋት አዳምጡና ትንፋሽ የሚወስድባቸውን ቦታዎች በሰከንድ ጻፉ። ሸላዩ ቃል ሲጨርስ ይተነፍሳል። ጌታቸው ፊት ሲሆን እሱም እዚያው ይተነፍሳል ወይ? ከድምፃዊው ኋላ ሲሆንስ በማን ትንፋሽ ይሄዳል?